ከቤት አስቀድሞ መንገድ

ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ግድግዳው ጽናትና ስለ ጣራው ማማር አስቀድሞ ያስባል፤ ከደጁ ወጥቶ በየት እንደሚያልፍ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስበው ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው። የመንገድ ነገር የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእናትና የልጅ ጉዳይም ስለ ሆነ፣ በዚህ የቤተሰብ ገጻችን ልናነሣው ወደድን።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማን ያገኛል፤ በዚያው መንገድ ሲገፋም በ1881 ዓ.ም. ውል ወደ ተፈረመባት ወደ አምባሰሏ ውጫሌ ይደርሳል። ሁለቱም በአንድ አውራ ጎዳና ላይ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተሰኩ ናቸው። እንዲህ ያለ ከተማ ሲያድግ ነጋዴው ሁሉ ፊቱን ወደ አስፋልቱ ማዞር ይወዳልና በርዝመት ይለጠጣል፤ ከኋላ የሚበቅለው ሰፈርም መንገድ ካልተተለመለት ከአውራ ጎዳናው ጋር በአንድ ቀጭን መተላለፊያ ይያዛል እንጂ ከጎረቤቱ ሰፈር ጋር አይገናኝም።

ጉዳቱን በቁጥር እንመልከተው። አንድ ሕፃን መንገዱ ዝግ በመሆኑ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ 500 ሜትር፣ ሲመለስም 500 ሜትር ቢዞር፣ በ200 የትምህርት ቀን 200 ኪሎ ሜትር በከንቱ ይሄዳል፤ ይኸውም ከሐይቅ ደሴ ሦስት ጊዜ ደርሶ ከመመለስ ይበልጣል። ዙሩም የጭነት መኪና በሚበርበት አውራ ጎዳና ላይ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ለሚያጓጉዝ፣ እሳት ለሚያጠፋ፣ አስከሬን ለሚሸኝ ቅሬም ጭንቁ ያው ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ባሪንግተን ሊ እና ሚላርድ ቦል የተባሉ ሊቃውንት በ2012 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ከተሞች የተሠሩት መንገዶች እርስ በርስ መገናኘታቸው እየቀነሰ መሄዱን ገልጠዋል። መንገድ አንድ ጊዜ ከተተለመ ቤቶቹ ፈርሰው ቢታደሱ እንኳ እርሱ ጸንቶ ይኖራልና፣ ስሕተቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

መድኃኒቱም በአገራችን ተጀምሯል። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በባሕር ዳር፣ በአዳማ፣ በሐዋሳና በመቀሌ፣ ከተማው ገና ባልደረሰበት መሬት ላይ 30 ሜትር ስፋት ያላቸው ዋና መንገዶች በአንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አስቀድመው እንዲተለሙ ታቅዶ ነበር። ለትናንሽ ከተሞች ደግሞ ቅያሱ ከዚህ ይቀላል፤ መሬቱ ገና እርሻ ሳለ ችካል መትከል ቤት ከማፍረስ እጅግ ይረክሳልና።

ስለዚህ ሹሙ ቦታ ከመስጠቱ በፊት መስቀለኛ መንገዱን ያስለካ፤ ባለቤቱም አጥሩን ወደ መንገዱ አይግፋ። መውጫ የሌለው ውሃ ሐይቅ ሆኖ አገር ያስጌጣል፤ መውጫ የሌለው መንገድ ግን ቤተሰብን ያስጨንቃል።