ነባር የቶፖግራፊ ካርታዎች አጠቃቀም፦ የኦሞ ዴልታና የቱርካና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ እንደ ማሳያ

በደቡብ ኦሞ ዞን፣ በዳሰነች ወረዳ፣ የኦሞ ወንዝ በበርካታ ቅርንጫፎች ተከፋፍሎ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። የሐይቁ አብዛኛው ክፍል በኬንያ ግዛት ውስጥ ሲሆን ሰሜናዊ ጫፉ በአገራችን ይገኛል። ስፍራው ከመሐል አገር እጅግ የራቀ፣ ሜዳማና መለያ ምልክት የሚያንሰው በመሆኑ ለጥናት፣ ለልማት ሥራ፣ ለሰብዓዊ ድጋፍ ወይም ለጉብኝት የሚጓዝ ማንኛውም ሰው ካርታ ያስፈልገዋል። ይህ ጽሑፍ ከብዙ ዓመታት በፊት የተዘጋጁ የቶፖግራፊ ካርታዎች ለእንዲህ ዓይነቱ የውኃ ዳርቻ ምን እንደሚጠቅሙና በምን ረገድ ጥንቃቄ እንደሚሹ ለተገልጋዮች ያብራራል።

የሐይቁ ዳርቻ ለምን ይለዋወጣል?

ቱርካና መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ውኃው የሚቀንሰው በትነት ሲሆን ከሚገባለት ውኃ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከኦሞ ወንዝ ይመጣል። በመሆኑም በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የሚጥለው ዝናብ ሲበዛ ሐይቁ ከፍ ይላል፤ ሲያንስ ደግሞ ይሸሻል።

የሐይቁን ለውጥ የካርታዎች ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ቴሌኪና ፎን ሆህኔል የተባሉት አሳሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ሐይቁ ዘንድ ደርሰው በኦስትሪያ አልጋ ወራሽ ስም “ሩዶልፍ” ብለው በካርታ አሰፈሩት። በ1896 ደግሞ የቦቴጎ ጉዞ ኦሞ ወደዚሁ ሐይቅ እንደሚገባ አረጋገጠ። በዚያ ዘመን ውኃው ዛሬ ዴልታ ከሆነው መሬት ሰፊውን ክፍል ይሸፍን ነበር። ከዴልታው በስተምዕራብ የሚገኘው ሳንደርሰን ባሕረ ሰላጤም የሐይቁ ክንድ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ሐይቁ ከአሥር ሜትር በላይ ዝቅ አለ፤ ባሕረ ሰላጤውም ደረቀ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ በጣለው ከባድ ዝናብ እንደገና ከፍ አለ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሐይቁ ሲሸሽ ዴልታው በመቶዎች በሚቆጠር ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሰፋ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የሐይቁ ውኃ ጨምሮና ኦሞ ሞልቶ በርካታ የዳሰነች አርብቶ አደሮች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል።

ካርል ቡትዘር የተባሉት የጂኦግራፊ ምሁር በ1971 ስለ ኦሞ ዴልታ የቅርብ ዘመን ታሪክ ያሳተሙት ጥናት የሐይቁን ከፍታ መለዋወጥ የተከታተለ ሲሆን፣ ያረጁ ሰነዶች ለዛሬ ውሳኔ ምን ያህል እንደሚያገለግሉ ጥሩ ማሳያ ነው።

በነባር ካርታ ላይ አስቀድሞ ሊነበቡ የሚገባቸው

ካርታውን ከመጠቀምዎ በፊት በጠርዙ ላይ የሠፈረውን መረጃ ያንብቡ።

1. የአየር ፎቶግራፉ የተነሳበት ዓመት፦ የታተመበት ዓመትና ፎቶግራፉ የተነሳበት ዓመት የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። የሐይቁ ዳርቻ የሚያሳየው ፎቶግራፉ በተነሳበት ዕለት የነበረውን ሁኔታ ነው። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢትዮጵያና በአሜሪካ የካርታ ሥራ ትብብር የተነሱ ፎቶግራፎች ለበርካታ ካርታዎች መሠረት ሆነዋል።

2. መስፈርት፦ በ1፡50,000 ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 500 ሜትር ነው። በ1፡250,000 ካርታ ላይ ደግሞ 2.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የመጀመሪያው ለመስክ ሥራ፣ ሁለተኛው ለጉዞ ዕቅድ ይመረጣል።

3. የከፍታ መስመር ልዩነት፦ በ1፡50,000 ካርታዎች ላይ ብዙውን ጊዜ 20 ሜትር ነው። በተራራማ ቦታ ይህ በቂ ነው። በዴልታው ላይ ግን መሬቱ እጅግ ሜዳማ በመሆኑ በሁለት የከፍታ መስመሮች መካከል ሰፊ አካባቢ ይካተታል። ለምሳሌ መሬቱ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ቢሆን፣ ሐይቁ ሁለት ሜትር ሲጨምር ዳርቻው አራት ኪሎ ሜትር ይገፋል። ይህን ለውጥ አንድም የከፍታ መስመር አያመለክትም።

4. ዳተምና ዞን፦ ነባር ካርታዎቻችን በአዲንዳን ዳተም የተዘጋጁ ናቸው። ጂፒኤስና የእጅ ስልክ ደግሞ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 የተባለውን ይጠቀማሉ። ሁለቱ ሳይጣጣሙ ቢሠራባቸው ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይዛባል። በተጨማሪም የዩቲኤም ዞን 36ንና ዞን 37ን የሚለየው የ36 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር በዚሁ አካባቢ ስለሚያልፍ ካርታው የትኛውን ዞን እንደሚከተል ማረጋገጥ ይገባል።

ጸንቶ የሚቆየውንና የሚለወጠውን መለየት

በነባር ካርታ ላይ ያለ መረጃ ሁሉ እኩል አያረጅም። ከኦሞ በስተምዕራብ ያሉት፣ በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩት የኮራት ኮረብቶች ዛሬም በቦታቸው ናቸው፤ አቅጣጫን ለመለየት አስተማማኝ ናቸው። የወንዝ ቅርንጫፎች፣ የሐይቅ ዳርቻ፣ ረግረግ፣ መንደሮችና የመኪና መንገዶች ግን ይለወጣሉ። የጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የወንዙ ፍሰት በከፊል የሚመጠን በመሆኑ በካርታው ላይ በየዓመቱ በጎርፍ የሚሸፈን ተብሎ የተመለከተ ቦታ የዛሬውን ሁኔታ ላይገልጽ ይችላል። የቦታ ስሞችም ይለያያሉ፤ ዛሬ ቱርካና የምንለውን ሐይቅ የቀድሞ ካርታዎች ሩዶልፍ ይሉታል።

ነባሩ ዳርቻ ስለ ነገ የሚናገረው

ብዙዎች የሐይቁን ዳርቻ ዛሬ ካለበት ርቆ የሚያሳይን ካርታ “ጊዜ ያለፈበት” ብለው ይተዉታል። ይህ አመለካከት ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ውኃ አንድ ጊዜ የደረሰበት ሜዳ፣ ሐይቁ ከፍ ሲል እንደገና ውኃ ሊደርስበት የሚችል ሜዳ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ የእንስሳት ክትባት ጣቢያ ወይም ለተፈናቃዮች መጠለያ የሚሆን ቦታ የሚመርጥ አካል የዛሬውን የሳተላይት ምስል ብቻ ሳይሆን በየዘመኑ የተነሱ ካርታዎች ያሳዩትን ዳርቻ አነጻጽሮ ውኃው ወደ መሬት ጠልቆ ከደረሰበት መስመር ውጭ ቢያቅድ ይመረጣል። ሐይቁ በሸሸበት ዘመን ብቻ የተወሰደ መረጃ የሚታለልበት ምክንያት ይኸው ነው።

በመስክ ላይ የሚሠራበት ቅደም ተከተል

• በመጀመሪያ ስፍራውን የሚሸፍኑትን የካርታ ቅጠሎች በሙሉ ይለዩ። አንድ የ1፡50,000 ቅጠል 27 ኪሎ ሜትር ገደማ በ27 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ቦታ ስለሚሸፍን ዴልታው በአንድ ቅጠል አያልቅም።

• ካርታውን ከሳተላይት ምስል ጋር ያነጻጽሩ። የላንድሳት ምስሎች ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ባለ 10 ሜትር ጥራት ያላቸው የሴንቲኔል 2 ምስሎች ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የደረቅና የዝናብ ወቅት ምስሎችን ለየብቻ ይመልከቱ።

• የየዘመኑን ዳርቻ በተለያየ ቀለም በአንድ ወረቀት ላይ አስፍረው ዓመቱን ይጻፉበት።

• ስፍራው ሲደርሱ ካርታውን ለአገር ሽማግሌዎች ያሳዩ። የዳሰነች ማኅበረሰብ ጎርፍ ሲሸሽ በሚተወው እርጥበት ማሽላ የሚያመርት፣ ከብቱንም እንደ ውኃው መጠን የሚያንቀሳቅስ በመሆኑ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሞተ፣ ውኃው በየትኛው ዓመት የት እንደደረሰ ያውቃል። ካርታው የማይናገረውን እነርሱ ይናገራሉ።

• ያለ አካባቢው መሪ ወደ ረግረጉ አይግቡ። ውኃው አዞ ያለበት ነው። ስፍራው ለድንበር ቅርብ በመሆኑም ከጉዞ በፊት የወረዳውን አስተዳደር ማነጋገር ያስፈልጋል። በነባር ካርታ ላይ ያለ የድንበር መስመር ለማንኛውም ሕጋዊ ጉዳይ እንደ ማስረጃ መወሰድ የለበትም።

ካርታውን ለማግኘት

የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ተግባር በአሁኑ ጊዜ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ይገኛል። ተገልጋዮች ጥያቄያቸውን ሲያቀርቡ የሚፈልጉትን ስፍራ በወረዳና በኬንትሮስ ኬክሮስ፣ የሚፈልጉትን መስፈርት፣ እንዲሁም ካርታው የሚውልበትን ዓላማ በጽሑፍ ቢያዘጋጁ አገልግሎቱን በቀላሉ ያገኛሉ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚያስፈልግ መሆኑንም አስቀድመው ያጣሩ። የተለያየ ዘመን እትም ካለ ሁሉንም ይጠይቁ። ስለሐይቅ ዳርቻ ለመወሰን አንድ ካርታ ብቻ በቂ አይደለም።