በደጋ ያረገዘች ላም፦ ጥጃዋ ኦክስጅን ከየት ያገኛል?

ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ሆለታን አልፋችሁ አዲስ ዓለም ስትደርሱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናችሁ። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ቆላም ደጋም ያው 21 በመቶ ነው። ነገር ግን ወደ ላይ ስንወጣ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። በዚህም የተነሳ እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሩብ ገደማ ያንሳል። ላሟ ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ ጉድለቱን ታካክሳለች። ሆዷ ውስጥ ያለው ጥጃስ? እሱ እኮ ገና አይተነፍስም!

የጥጃው ሳንባ እንግዴ ልጁ ነው ማለት ይቻላል። በላሟ ማህፀን ግድግዳ ላይ ከ70 እስከ 120 የሚደርሱ አዝራር መሳይ እብጠቶች አሉ። እንግዴ ልጁ፣ የሁለት እጅ ጣቶች እንደሚቆላለፉት ሁሉ፣ እነሱ ላይ ይገጥማል። የእናትና የጥጃ ደም አይቀላቀልም፤ ኦክስጅኑ ስስ ግድግዳ አልፎ ይሻገራል። የጥጃው ደም ደግሞ ኦክስጅንን ከእናቱ ደም ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል።

ታዲያ ከፍታ ምን ይለውጣል? ነገሩ በደንብ የተጠናው ተመሳሳይ ማህፀን ባላቸው በጎች ላይ ነው። የእብጠቶቹ ብዛት በእርግዝና ጊዜ አይጨምርም፤ የሚለወጠው ቅርጻቸው፣ መጠናቸውና የደም ሥራቸው ነው። በካሊፎርኒያ 3,820 ሜትር ላይ እንዲቆዩ በተደረጉ ያረገዙ በጎች የእብጠቶቹ ቅርጽ ተለውጦ ተገኝቷል። በቺሊ የአንዲስ ተራሮች ለብዙ ትውልድ የኖሩ በጎች እንግዴ ልጅ ደግሞ ከበድ ያለና ደም ሥሩ የበዛ ነው። ከቆላ የመጡት ግን ግልገሎቻቸው ክብደታቸው አንሶ ይወለዳሉ። እንግዲህ አካል በአንድ እርግዝና የሚችለውን ያህል ይሞክራል፤ ሙሉው መላመድ ግን ትውልድ ይፈልጋል። እንደ መንዝ ባለ ብርዳማ ደጋ የአገሬው በግ ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

አዲስ ዓለም ያን ያህል ከፍ አይልም፤ ቅዝቃዜው ለፈረንጅ ላምም ይስማማታል። ለጥጃው ክብደት እዚህ ይበልጥ የሚወስነው መኖ ነው።

ላም ስትወልድ የመቁጠር ዕድል ካገኛችሁ እንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። በ12 ሰዓት ውስጥ ካልወጣም አትጎትቱት፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።