ራሱን የሚያጎርስ ሽጉጥ

በሐምሌ 1932 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር የኬንያዋን ሞያሌ ከበበ፤ ከበባው ሲጠና እንግሊዞች በሌሊት ለቀው ወጡ። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ መኮንን ወገቡ ላይ የሚታጠቀው ኤንፊልድ ወይም ዌብሊ የሚባል ስድስት ጎራሽ ነበር። የጣሊያኑ ደግሞ ሰባት ጥይት በካዝና የሚይዘውን ቤሬታ 34 ይታጠቅ ነበር። ሰው ዛሬም ስለ ሽጉጥ ሲከራከር፣ ክርክሩ ከእነዚህ ከሁለቱ ዓይነቶች ብዙም አይርቅም።

የስድስት ጎራሹ ጥይቶች ክብ ከበሮ ውስጥ በየቀዳዳቸው ይቀመጣሉ። ምላጩ ሲሳብ ከበሮው ይዞርና ቀጣዩን ጥይት ከአፈሙዙ ትይዩ ያመጣል፤ ከኋላ ያለው መቺ ብረት ይመታዋል። ጉልበቱ የጣት ነው። አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግሞ መሳብ ይበቃል፤ ከበሮው የከሸፈውን አልፎ ይሄዳል። «አይከዳም» የሚባልለት ለዚህ ነው።

ባለ ካዝናው በሌላ መንገድ ይሠራል። ጥይቶቹ እጀታው ውስጥ ተደራርበው ሞላ ከታች ይገፋቸዋል። ባሩዱ አረሩን ወደ ፊት ሲያስወነጭፍ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ብረቱ ሲሄድ ቀለሁን አውጥቶ ይጥላል፤ ሲመለስ ከካዝናው አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። ቃሉ እንዴት እንደሚስማማው! ስድስት ጎራሹን ሰው በእጁ ያጎርሰዋል፤ ይኼኛው ራሱን ያጎርሳል።

ባለ ካዝናው ቀጭን ስለሆነ ከኮት ሥር አይታይም፤ ካዝናውም ቶሎ ይቀየራል። ምርጫውን የለወጠው ግን በአብዛኛው አቅርቦት ነው ባይ ነኝ። ስምንት ጥይት የሚይዘው ማካሮቭ ከሶቪየት መሣሪያ ጋር በደርግ ዘመን ገባ። በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ከሠራዊቱ ከፊሉ ከነመሣሪያው በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተሻገረ። ሰው የሚወደው ጥይቱን የሚያገኝለትን መሣሪያ ነው። ውጅግራ የሚባለው የድሮ ጠመንጃ ከቀረርቶ ባይጠፋም ከትከሻ የወረደው ለዚሁ ነው። (ያለ ፈቃድ መታጠቅ በኬንያም በኢትዮጵያም ወንጀል መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ የእኛው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው።)

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ኤንፊልድ እንደ ወገብ ታጥፎ ሲከፈት ስድስቱም ቀዳዳ አንድ ላይ ይታያል፤ ባዶ ከሆነ ባዶነቱ አይሸሸግም። ባለ ካዝናው ግን ካዝናው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥም፣ ቀድሞ የጎረሰው አንድ ጥይት ውስጡ ሊቀር ይችላል። አባት ባዶ መስሎት ያስቀመጠውን ልጅ ያነሳዋል። ስለዚህ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፣ መጀመሪያ ካዝናውን ማውጣት፣ ቀጥሎ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ የጎረሰውን ማስተፋት፣ ከዚያ ውስጡን በዓይን ማየት፣ በጣትም መዳሰስ ነው። ሽጉጡና ጥይቱም በየራሳቸው ሣጥን፣ በየራሳቸው ቁልፍ።