የጽሕፈት ቤታችን ስልክ ቁጥሮች ሲጋጩ

በየማኅበረ ምእመናኑ ጽሕፈት ቤትና በየፕሮጀክቱ ጣቢያ የምትሠሩ ውድ ወገኖች፣ በዚህ ጊዜ የምንጽፍላችሁ ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ቢሮ የውስጥ ስልክ ቁጥር።

ከጽሕፈት ቤቶቻችን በአንዱ አንድ ማታ የሆነውን እንንገራችሁ። አምሽቶ ይሠራ የነበረ ባልደረባችን አስም ተነሣበትና ትንፋሽ አጠረው። ዘበኛው ሮጦ ወደ ቢሮ ገባና በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907ን መታ። ስልኩ ጠራ፤ ደጋግሞም ጠራ፤ የሚያነሣ ግን አልተገኘም። ሦስት ጊዜ ሞከረ። በመጨረሻ መኪና ያለው ጎረቤት ደርሶ በሽተኛውን ሐኪም ቤት አደረሰው፤ ሰውየውም ተረፈ። በማግሥቱ ስንመረምር ለካ ያን ማታ ሲጮኽ የነበረው በር የተዘጋበት የዕቃ ግምጃ ቤታችን ስልክ ኖሯል። ስልኩ ሲተከል ከክፍሉ ቁጥር ጋር ይስማማ ተብሎ 907 ተሰጥቶት ነበር። ዘበኛው አልተሳሳተም፤ ስልኩም አልተበላሸም። የተሳሳትነው ቁጥሩን የደለደልን እኛ ነን።

ማዞሪያው ቁጥርን እንዴት ይሰማል?

የቢሮ ስልክ ማዞሪያ የምንመታውን ቁጥር የሚሰማው አሃዝ በአሃዝ ነው። እያንዳንዱን አሃዝ በተቀበለ ቁጥር የተሰጠውን ዝርዝር አይቶ «ተፈጸመ ወይስ ገና ነው?» ይላል። እንግዲህ ለአንዱ ቢሮ 20፣ ለሌላው 201 ብንሰጥ፣ ማዞሪያው 2ንና 0ን እንደ ሰማ ወዲያው ከ20 ጋር ያገናኘናል፤ 201ም ከቶ አይገኝም። አንዳንዱ ማዞሪያ ደግሞ ሌላ አሃዝ ይመጣ እንደ ሆነ ብሎ ጥቂት ሰኮንድ ይጠብቃል፤ በዚያም ጊዜ ሰዎች «ስልኩ ዘገየ» ይላሉ። ከዚህ የምንማረው ሕግ አንድ ነው፤ የትኛውም ቁጥር የሌላው ቁጥር መጀመሪያ መሆን የለበትም።

በብዛት የሚያጋጥሙ ግጭቶች

1ኛ/ ከውጭ መስመር መክፈቻ ጋር የሚጋጭ፦ በብዙ ማዞሪያ ወደ ውጭ ለመደወል አስቀድሞ 9 ወይም 0 ይመታል። መክፈቻው 9 ሆኖ ሳለ ለውስጥ ስልክ 915 ቢሰጥ፣ ማዞሪያው 9ን እንደ ሰማ የውጭ መስመር ይይዛልና ያ ስልክ አይጠራም። መክፈቻው 9፣ ኦፕሬተሯም 0 በሆነችበት ቢሮ ደግሞ መክፈቻውን ረስቶ በ09 የሚጀምር የሞባይል ቁጥር የሚመታ ሰው ሁልጊዜ የኦፕሬተሯን ድምፅ ይሰማል። መክፈቻው 0 በሆነበት ቢሮ ይኸው ሰው የሞባይሉን 0 ለመክፈቻ ያስበላና ጥሪው ሳይደርስ ይቀራል፤ በዚያ ቢሮ 0 ሁለት ጊዜ መመታት አለበት።

2ኛ/ አንድ ቁጥር ለሁለት ስልክ፦ ይህ በኢንተርኔት መስመር በሚሠሩ ስልኮች ላይ ይበዛል። ሁለቱ በአንድ ቁጥር ሲመዘገቡ፣ በአንዳንዱ ማዞሪያ ጥሪው የሚሄደው ኋላ ለተመዘገበው ብቻ ነው። ምልክቱም «ጠዋት ይጠራ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ዝም አለ» የሚል ስሞታ ነው።

3ኛ/ ሁለት ጽሕፈት ቤቶች ሲገናኙ፦ ዋናው መሥሪያ ቤትም ክሊኒኩም ለየብቻቸው ሳሉ ሁለቱም 201 ቢኖራቸው ጉዳት አልነበረውም። በአንድ ማዞሪያ ሲያያዙ ግን 201 የማን እንደ ሆነ ማዞሪያው ሊያውቅ አይችልም።

4ኛ/ ከአደጋ ጊዜ ቁጥሮች ጋር የሚጋጭ፦ ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። በአዲስ አበባ ፖሊስ 991፣ እሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ሁሉም በ9 ይጀምራሉ። የውጭ መስመር መክፈቻችሁ 9 ከሆነ፣ 907ን የሚመታ ሰው 9ኙን ለማዞሪያው ይከፍልና ወደ ውጭ የሚወጣው 07 ብቻ ይሆናል። ችግሩን የሚያጠነክር ሌላም ነገር አለ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ07 የሚጀምሩ የሞባይል ቁጥሮች ወጥተዋል። ወደ እነዚህ ለመደወል 9ን አስቀድሞ የሚመታ ሰው የሚጀምረው በ907 ነው። ስለዚህ ማዞሪያው አምቡላንስ ተፈልጎ ይሁን ሞባይል ለመለየት ቆሞ መጠበቅ ይኖርበታል።

በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ይህን ነገር ከሕግ ታውቁት ይሆናል። በ2013 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ በአንድ ሆቴል እናቷ ጥቃት የደረሰባት ሕፃን ደጋግማ 911 ብትመታም አልደረሰላትም፤ የሆቴሉ ስልክ አስቀድሞ 9 ይፈልግ ነበርና። እናቲቱ ሞተች። በስሟ «የካሪ ሕግ» የተባለው ድንጋጌ በ2018 እ.ኤ.አ. ጸደቀ። ከፌብሩዋሪ 16 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚተከሉ ባለ ብዙ መስመር ስልኮች ያለ ምንም መክፈቻ 911ን እንዲያስደውሉ ግድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቢሮም ይህን ይጠብቃል።

ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጻፉ፦ የውስጥ ቁጥሮችን፣ የውጭ መስመር መክፈቻውን፣ የኦፕሬተሩን ቁጥር፣ ጥሪ ለማስተላለፍና ለመሳብ የሚመቱትን፣ የአደጋ ጊዜ ቁጥሮችንም ጭምር። ግጭቱ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ላይ ገና ሲጻፍ ይታያል።

ቀጥሎ በመጀመሪያው አሃዝ ደልድሉ። እኛ አሁን የምንሠራበት እንዲህ ነው፦ 0 ለውጭ መስመር ብቻ፣ 1 ለኦፕሬተር ብቻ፣ በ2 የሚጀምሩ ለዋናው ጽሕፈት ቤት፣ በ3 ለክሊኒኩ፣ በ4 ለግምጃ ቤትና ለጋራዥ። የውስጥ ስልኮች ሁሉ ባለ ሦስት አሃዝ ናቸው። በ9 የሚጀምር የውስጥ ቁጥር ፈጽሞ የለም፤ ለአደጋ ጊዜ ተለይቷል። 907፣ 939ና 991 ያለ መክፈቻ ቢመቱም፣ 0 ቢቀድማቸውም እንዲወጡ ቴክኒሻኑ አስተካክሎልናል። ከየመደቡም ለሚመጣው ሠራተኛ የሚሆን ትርፍ ቁጥር ተውን።

ከመለወጣችሁ በፊት ማዞሪያው አሁን የያዘውን አሠራር ቅጂ አስቀምጡ። አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ከዚያም ከሁለቱም ወገን ደውላችሁ ሞክሩ። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው፣ የትኛው እንደ ጎዳው አያውቅም።

የአደጋ ጊዜ ቁጥር ስትሞክሩ ዝም ብላችሁ አትዝጉ፤ ያነሣውን ሰው ሰላም ብላችሁ «የቢሯችንን ስልክ እየሞከርን ነው፤ አደጋ የለም» በሉት። ቅርንጫፉ በዋናው ጽሕፈት ቤት ማዞሪያ በኩል የሚደውል ከሆነ ደግሞ ጥሪው የሚወጣው ከዋናው ከተማ መሆኑን አትርሱ። ከገጠር ክሊኒክ አምቡላንስ የጠራ ሰው አዲስ አበባ ያለውን አምቡላንስ ሊያገኝ ይችላል። እንዲህ ባለው ቅርንጫፍ የአካባቢው ጤና ጣቢያና ፖሊስ መደበኛ ስልክ ተጽፎ ከእጀታው አጠገብ ይለጠፍ።

በመጨረሻ የምናሳስባችሁ ስለ ዘበኞቻችሁና ስለ ጽዳት ሠራተኞቻችሁ ነው። ማታና በዓል ቀን ከስልኩ ጋር የሚቀሩት እነርሱ ናቸው፤ ስለ ቁጥሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚነግራቸው የለም። አዲሱን ድልድል ስታወጡ ለሥራ አስኪያጁ ብቻ አታስረዱ፤ ዘበኛውን ጠርታችሁ እጀታውን አንሥቶ ራሱ ይሞክረው። ያን ማታ የቆመው ሰው ሦስት ጊዜ የመታው ቁጥር ትክክለኛ ነበር። ዳግመኛ ሲመታው የሚመልስለት እንዲኖር ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።