ለትርፍ ጊዜ ጌም ሠሪ የቱ ኮምፒውተር?

ጌም መሥራት ለሚያምረን ለእኛ ለቡሌ ልጆች ኮምፒውተር የአንድ ጊዜ ግዢ ነው፤ ቤተሰብ ለዚህ ሁለቴ ብር አያወጣም። ስለዚህ ዴስክቶፕ አልመክርም፤ መብራት ድርግም ሲል ያላስቀመጣችሁት ሥራም አብሮ ይሄዳላ! ባትሪው ደህና የሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ለጀማሪ ይበቃል። «ኮር አይ 7» የሚለው ተለጣፊ አያታላችሁ፤ ጄኔሬሽኑን ጠይቁ። የቆየ አይ 7 ከአዲስ አይ 5 ሊያንስ ይችላል እኮ።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙስ? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ አሮጌ ማሽን አይቀበልም። እኔ ሊኑክስ ሚንትን እመርጣለሁ፤ ነፃ ነው። ጎዶት የተባለው የጌም መሥሪያም ነፃ ሲሆን በሁለቱም ላይ ይሠራል፤ ግራፊክሱ የቆየ ላፕቶፕ ያለው «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ይምረጥ። ዩኒቲ ግን ብዙ ጊጋባይት ስለሚያስወርድ በሞባይል ዳታ አይታሰብም። ለአይፎን መሥራት ማክ ይጠይቃል፤ የሰፈራችን ተጫዋች በአብዛኛው አንድሮይድ ስለያዘ እሱን ለጊዜው እንተወው።