የኀዘንተኛው የልደት በዓል

በአውሮጳ የልደት በዓል ሲቃረብ በመጻሕፍት መሸጫዎች መስኮት አንድ ዐይነት ልብ ወለድ በብዛት ይደረደራል። በሽፋኑ ላይ በረዶ የለበሰች የባሕር ዳር መንደርና ብርሃን የሚታይበት መስኮት ይሣልበታል፤ ፍጻሜውም ሁለት ሰዎች መፋቀራቸው ነው። አብዛኛው እንደ ከረሜላ አፍን አጣፍጦ የሚያልፍ ነው። የወይዘሮ ሮዛመንድ ፒልቸርን «ዊንተር ሶልስቲስ» ከመካከላቸው ለይተን ለአንባቢዎቻችን መግለጽ የወደድነው ግን ስለ ፍቅሩ ሳይሆን ስለ ኀዘኑ ነው።

ወይዘሮ ፒልቸር በ1924 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር፣ በኮርንዎል የባሕር ጠረፍ ተወልደው፣ ካገቡ በኋላ በስኮትላንድ ኖረው በ2019 ዐርፈዋል። ይህ በ2000 የታተመው መጽሐፍ የመጨረሻ ልብ ወለዳቸው ነው። ርእሱም በብርድ ወራት ቀኑ እጅግ አጥሮ እንደ ገና መርዘም የሚጀምርበትን ዕለት ያመለክታል።

ኦስካር የሚባል፣ ዕድሜው ከ60 ያለፈ፣ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይመታ የነበረ ሰው ሚስቱንና ትንሽ ሴት ልጁን በአንድ የመኪና አደጋ ያጣል። የሚኖርበት ቤት የሚስቱ ስለ ነበረ የእንጀራ ልጆቹ ሊሸጡት ይነሣሉ። ኤልፍሪዳ የምትባል፣ ቀድሞ በቴአትር ትሠራ የነበረች ወዳጁ አብራው ሄዳ፣ በሰሜን ስኮትላንድ ባሕር አጠገብ ባለችው ክሬገን በምትባል የልብ ወለድ ከተማ፣ በግማሽ የእርሱ በሆነ አሮጌ ቤት ይገባሉ።

የእኛ ገና የሚውለው ሰማዩ በጠራበት በበጋው ወራት ስለ ሆነ፣ የዚያን አገር ጨለማ ማሰብ ያስቸግረናል። በዚያ ወቅት ፀሐይ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ወጥታ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። ልጆች ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ይመሻል። ኦስካርም ልቡ እንደ ቀኑ ነው፤ ካህን ይሸሻል፤ ከቤተ ክርስቲያን ርቋል፤ በዓሉ ባይመጣ ይመርጣል።

ይህን ስናነብ መጽሐፉን አጥፈን ጥቂት ቈየን። በእኛም ዘንድ ለቅሶ ደራሹ ቤቱን ይሞላል፤ ዕድርተኛው ድንኳን ተክሎ፣ ጎረቤቱ እህል ውሃ አቅርቦ ያስተዛዝናል። ዐርባው ወጥቶ ተዝካሩ ሲወጣ ግን ሰው ወደየሥራው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ታኅሣሥ 29 ይመጣል። የጎረቤት ዶሮ ሲወጠወጥ ይሸታል፤ በኀዘንተኛው ቤት ግን ልጅ የምትቀመጥበት ዱካ ባዶ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ያልን እኛው፣ ያን ቀን በዚያ በር ሳንገባ አልፈናል።

ኤልፍሪዳ ለኦስካር አትሰብክለትም። ምግብ ትሠራለች፣ እሳት ታነዳለች፣ በሩንም ለመጣ ትከፍታለች። በፍቅር የተጎዳች ዘመዷ ካሪ፣ እናቷ ለበዓል ወደ አሜሪካ የሄደችባት የ14 ዓመቷ ሉሲ፣ ኋላም ቤቱን ለማየት ቁልፍ ይዞ መጥቶ በረዶ መንገድ የዘጋበት ሳም፣ ሁሉም በዚያ ጣራ ሥር ይሰበሰባሉ። ለእነዚህ ሰዎች አልጋ ሲነጠፍና ማዕድ ሲቀርብ፣ ኀዘንተኛው ራሱ አስተናጋጅ ሆኖ ይገኛል።

ሳንወቅሰው የማናልፈው ነገር አለ። ኤልፍሪዳና ኦስካር ያለ ቃል ኪዳን ጋብቻ አብረው መኖራቸውን ደራሲዋ እንደ ቀላል ነገር ያልፉታል፤ መጽሐፉን ለጐለመሰች ልጁ የሚሰጥ አባት ይህን ከእርስዋ ጋር ቢነጋገርበት እንመክራለን። ደግሞም ነቢያትን ጾሞ ወደ በዓሉ ለሚደርስ አንባቢ ዝግጅቱ ጥድና ግብዣ ብቻ ሆኖ ይጐድልበታል። የአገሩ ታሪክ ግን ይታወስ፤ የስኮትላንድ ፓርላማ በ1640 የልደትን ዕረፍት ሽሮ ነበር፤ ዕለቱ በዚያ የሕዝብ በዓል የሆነውም በ1958 ነው።

በመጨረሻ ኦስካር ወደ ኦርጋኑ ይመለሳል። የጎተተው ሰው የለም፤ ልጁንም አልረሳም። ጣቶቹ ግን ዜማውን ያውቁታል።