ዲስኩ ሲሞላ የአባቶች ድምፅ እንዳይጠፋ

በማኅበረሰባችን ውስጥ የድሮ ካሴት ያልተቀመጠበት ቁም ሣጥን ማግኘት ይከብዳል። ሠርግ አለ፣ የስግድ ጸሎት አለ፣ በሱዳን በኩል የመጡ ሰዎች በኡም ራኩባ ማንን እንደቀበሩ በገዛ አፋቸው የተናገሩበት አለ። ካሴት እያረጀ ስለሚሄድ ልጆችና የልጅ ልጆች ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ይዘዋል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን በደንብ የተቀዳ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 13 ጊጋባይት ያህል ሊወስድ ይችላል፤ አንድ ቀን "ዲስኩ ሞልቷል" ይባላል። ብዙ ነገር ሊጠፋ የሚችለውም ያን ጊዜ ነው።

ቅጂው ሲበዛ በማትናስም ሆነ በቤት አራት ዲስክ አንድ ላይ የሚሠራበት ትንሽ ሳጥን ይገዛል። አሠራሩ ሬይድ ይባላል። ነገሩን በገንዘብ ላስረዳ። ሦስት ሰዎች 10፣ 20 እና 30 ሼቄል አላቸው እንበል፤ አራተኛው ድምሩን 60 ብሎ ጽፎ ይዟል። ሁለተኛው ስንት እንደነበረው ቢረሳ፣ ከ60 ላይ 10 እና 30 ሲቀነስ 20 ተመልሶ ይገኛል። አንድ ዲስክ ሲበላሽ ሳጥኑ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። (በእውነቱ ድምሩ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ በየተራ በአራቱም ላይ ይበተናል።) ሁለቱ ባንድ ጊዜ ከረሱ ግን በቃ፣ ድምሩ ምንም አይጠቅምም።

አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ 12 ቴራባይት ይይዛል፤ የአንዱ ያህል ቦታ ለድምሩ ይሄዳል። ይህ ሲሞላ አዲስ ሳጥን መግዛት ግድ አይደለም። አንዱን ዲስክ አውጥቶ በባለ 8 ቴራባይት መተካት፣ ሳጥኑ የጎደለውን አስልቶ በአዲሱ ላይ እስኪጽፍ መጠበቅ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያሉ እስከ አራተኛው። ለአንዱ ብቻ ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ይህ ዓይነቱ አሠራር ሁሉንም በትንሹ ዲስክ ስለሚለካ ቦታው የሚሰፋው የመጨረሻው ከተተካ በኋላ ነው። ያኔም "ስፋ" ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ 12ቱ 24 ይሆናል።

አደጋው መሃል ላይ ነው። አንድ ዲስክ በወጣበት ሰዓት ሌላ ቢበላሽ መመለሻ የለም። የቀሩት ሦስቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባንድ ቀን የተገዙ፣ እኩል ያረጁ ናቸው፤ ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ሲነበቡ ደካማው ሊወድቅ ይችላል። ወጣት ይቸኩላል፣ እኔም ወጣት ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛውን ይነቅላል፤ ወይም ስክሪኑ "ዲስኮቹን እንደ አዲስ ላዘጋጅ?" ብሎ ሲጠይቅ "እሺ" ይላል። ያ "እሺ" ያለውን ሁሉ ይደመስሳል።

እዚህ ላይ የሽማግሌ ቃል ያስፈልጋል። አባቶችና እናቶች፣ ኮምፒውተር አናውቅም ብላችሁ ዝም አትበሉ። ማንም ሰው ዲስክ ከመንቀሉ በፊት "ሌላው ቅጂ የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። "ሬይድ ስለሆነ ችግር የለውም" የሚል መልስ አትቀበሉ፤ ሬይድ ዲስክ ሲሰበር ይረዳል እንጂ ሰው በስህተት ሲሰርዝ፣ እሳት ሲነሳ ወይም ሌባ ሲገባ አይረዳም። ሳጥኑ ነታንያ ካለ፣ ሌላው ቅጂ ኪርያት ጋት ባለ ዘመድ ቤት በተለየ ዲስክ ይቀመጥ። መቀመጡም ብቻ አይበቃም፤ ተከፍቶ ድምፁ ይሰማ። መብራት ቢጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ባትሪም ከሳጥኑ ጋር ይግዙ።

ሳጥኑ ሥራውን እስኪጨርስ ያለው ረጅም ሰዓት ደግሞ በከንቱ አይለፍ። ልጆቹን አጠገባችሁ አስቀምጡና ከሌላው ቅጂ ላይ ቪዲዮውን እያያችሁ፣ የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው መንደር እንደመጣ አስጽፏቸው። ብዙው ፋይል እስካሁን ያለው ቁጥር ብቻ ነው።